ጊታሩ «ቻይና» ነው

ሐረር፣ ፈረስ መጋላ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጫለሁ። ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ወንበር ስቦ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠና ጊታሩን ከቦርሳው አወጣ። ቀይ የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ማንጠልጠያውን መኪና ግርግር ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች አንዱ ነው የሰፋለት፤ ጨርቁ የቀሚስ ትራፊ ይመስላል፣ ያምራልም። ጊታሩ ራስ ላይ «ፌንደር» የሚል ጽሑፍ አለ። ጠጋ ብዬ ሳየው ጽሑፉ ተለጣፊ ወረቀት ነው። አንደኛው ጠርዙ ተነስቶ ከሥሩ የሌላ ፋብሪካ ስም ብቅ ብሏል።

«አቦ! ዝም በል» አለኝ ማየቴን ሲያይ።

(የሐረር ልጅ «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቅም። አሥራ አምስት ዓመት ብበልጠውም ለእሱ «አንተ» ነኝ። ደስ ይለኛል።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰርግ የሚያጅብ አንድ ባንድ ጊታር ተጫዋች ጎድሎት ልጁን ጠራው። ልምምድ ላይ ጥሩ ተጫወተ። የባንዱ አለቃ ግን ጊታሩን አገላብጦ አየና «ይሄን ቻይና ይዘህ መድረክ ላይ አታዋርደን» አለው። ልጁ ሌላ ጊታር መግዣ ስለሌለው ስም ገዛ። ተለጣፊ የሚያትም ቤት ሄዶ «ፌንደር» ብሎ አሳተመና ለጠፈ። አለቃውም ዝም አለ። እንግዲህ ጊታሩ ያው ጊታር ነው፤ ድምፁም ያው ድምፅ ነው።

አለቃው ራሱ ኦርጋን ነው የሚጫወተው። በአንድ ኦርጋን ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ አንዳንዴም ጊታሩን ራሱን በቁልፍ የሚያወጣ ሰው ስለ «ኦሪጅናል» ሲያወራ መስማት ትንሽ ያስቃል።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። «ርካሽ ጊታር መድረክ ያዋርዳል» የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከሙዚቃው ዓለም እንዳልመጣ ግን አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 ኒው ዮርክ ላይ በሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ምሽት ለሟቹ ጆርጅ ሃሪሰን ክብር ፕሪንስ የተጫወተውን ሶሎ ብዙዎቻችሁ በዩቲዩብ አይታችሁታል። ቶም ፔቲና ጄፍ ሊን ከጎኑ ቆመዋል፤ የሃሪሰን ልጅ ዳኒ በደስታ ይስቃል፤ መጨረሻ ላይ ፕሪንስ ጊታሩን ወደ ላይ ወርውሮ ትቶት ይሄዳል። ያ ጊታር ፌንደር አልነበረም። የፌንደር ቴሌካስተር ቅጂ ነው፤ ጃፓን የተሠራ፣ ሆነር በሚል ስም የተሸጠ፣ ነብር የመሰለ ሽፋን የተለጠፈበት። ሆነር ማለት በሐርሞኒካና በአኮርዲዮን የምናውቀው የጀርመን ድርጅት ነው። ፕሪንስ ያሻውን ጊታር የማሠራት አቅም ነበረው፤ አሠርቷልም። ግን በሥራ ዘመኑ ሁሉ ወደዚያ ቅጂ ይመለስ ነበር።

ሌላም አለ። የሌድ ዜፔሊኑ ጂሚ ፔጅ «ካሽሚር»ን መድረክ ላይ የሚጫወተው በዳንኤሌክትሮ ነበር። የዚያ ጊታር ፊትና ጀርባ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ሰሌዳ ነው፤ ድምፁን የሚይዙት ማግኔቶች ደግሞ የተቀመጡት በከንፈር ቀለም ቱቦ ውስጥ ነው። ቀልድ አይደለም። የቺካጎው ሃውንድ ዶግ ቴይለር በርካሽ የጃፓን ጊታር ብሉዝ ሲጫወት የሰማ አንድ ወጣት የእሱን ሙዚቃ ለማሳተም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1971 አሊጌተር የተባለውን አሳታሚ ድርጅት መሠረተ። ጃክ ዋይት በፖስታ ካታሎግ ይሸጥ በነበረ የፋይበርግላስ ጊታር ዓለምን ዞረ። የጄነሲሱ ማይክ ራዘርፎርድ ደግሞ በ2021 የስንብት ጉዟቸው ላይ ስኳየር ቡሌት ይዞ ወጣ፤ ስኳየር የፌንደር ርካሹ ታናሽ ወንድም ነው፣ ቡሌት ደግሞ ከስኳየርም ርካሹ ነበር።

እሺ፣ እነዚህ ፈረንጆች ናቸው። እዚሁ አካባቢ እንምጣ።

አሊ ቢራ ድሬዳዋ ተወልዶ፣ በአፍረን ቀሎ ቡድን አድጎ፣ በኦሮምኛም በሐረሪኛም በአማርኛም የዘፈነ ሰው ነው። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ ሐረርና ድሬ እንዴት እንዳዘኑ የነበረ ያውቀዋል። ኡድም ጊታርም ይጫወት ነበር። ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ጀጎል ውስጥ በርጫ ላይ የተቀመጡ ታላላቆቼን «አሊ የሚጫወትበት ጊታር ምን ነበር?» ብዬ ጠየቅኩ። አንዱ የትኛውን ዘፈን ለማን ሰርግ እንደዘፈነ ነገረኝ። አንዱ የለበሰውን ኮት ቀለም ነገረኝ። አንዱ ጠጋ ብሎ ያየውን የአሊን ጣቶች ገለጸልኝ። የጊታሩን ስም ግን አንድም ሰው አላስታወሰም። አንድ አዛውንት እንዲያውም ተቆጡኝ፤ «አንተ ልጅ፣ የሰውዬውን ድምፅ ትተህ እንጨቱን ትጠይቃለህ?»

ክራርንም አስቡ። እንጨት፣ ቆዳ፣ አምስት ወይም ስድስት ክር። ብራንድ የሚባል ነገር የለውም። ያንኑ ክራር ማግኔት ገጥሞለት፣ ከአምፕሊፋየር አገናኝቶ፣ መሰለ አስማማው ከአውሮፓ የጃዝ ሰዎች ጋር ተጫውቶበታል። ለንደን ያለው ክራር ኮሌክቲቭም በተመስገን ዘለቀ የኤሌክትሪክ ክራር ትልልቅ ፌስቲቫሎች ላይ ሕዝብ አስጨፍሯል። ያንን ክራር «ቻይና ነው፣ ኦሪጅናል ነው» ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ለባንዱ አለቃ ነው። አሁን ግን ለልጁ፣ በተለይም «ዋናው እጅ ነው፣ መሣሪያው ምንም አይደለም» ብላችሁ ለምታጽናኑት ሁሉ አንድ የማይጣፍጥ ነገር ልበል። ይሄ አባባል ግማሽ እውነት ነው። ግማሹን ብቻ መናገር ደግሞ ልጁን መበደል ነው።

ዝነኛው ሙዚቀኛ ርካሽ ጊታር ይዞ ሲወጣ ከመጋረጃው ጀርባ ቴክኒሻን ቆሞለታል። ፍሬቱ ተስተካክሏል፣ አንገቱ ተቃንቷል፣ ክሩ በየዝግጅቱ ይለወጣል፣ መጥፎው ሶኬት ተነቅሎ ደህናው ገብቷል። ጊታሩ የሚገባበት አምፕሊፋየር ከጊታሩ ብዙ እጥፍ ውድ ነው። ቢበላሽ ሁለተኛ ተዘጋጅቷል። ከሁሉ በላይ ምርጫው የእሱ ነው። የኛ ልጅ ግን የያዘው ያለውን ነው፤ ጊታሩም ከካርቶን እንደወጣ ነው፣ ፋብሪካ ከለቀቀ በኋላ የነካው ባለሙያ የለም። ከሰሃራ ወዲያ የቱዋሬግ ሙዚቀኞችን ታሪክ ብዙ ጊዜ እንጠቅሳለን። የቲናሪወኑ ኢብራሂም አግ አልሃቢብ ልጅ ሳለ ከቆርቆሮ፣ ከዱላና ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ጊታር ሠራ። የኒጀሩ ምዱ ሞክታርም የመጀመሪያ ጊታሩን ክር ያበጀው ከብስክሌት ሽቦ ነው። የሚያኮራ ታሪክ ነው፤ ግን ሁለቱም እዚያ ላይ አልቀሩም። የሚረባ ጊታር እጃቸው ሲገባ ሽቦውን ጣሉት። ድህነትን የሚያሞግሰው ብዙውን ጊዜ ድህነቱ ውስጥ የሌለው ነው።

ልጁ ጊታሩን አውጥቶ ሲጫወትልኝ ችግሩ ወዲያው ተሰማኝ። ታች፣ ራሱ አካባቢ ሲጫወት ባቲው ጥሩ ነው። ወደ ላይ፣ ከ12ኛው ፍሬት በኋላ ሲወጣ ግን ቅኝቱ ይኮመጥጣል። የሚሰማ ሰው «ልጁ አይችልም» ይላል። ልጁ ይችላል። ክሩ ብሪጁ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ነበረበት፤ ያ ደግሞ በአንዲት ትንሽ መፍቻ የሚዞር ብሎን ነው። ክፍቱን ክር ከ12ኛው ፍሬት ድምፅ ጋር በስልክ መቃኛ ማስተያየት፣ ብሎኑን ማዞር፣ እንደገና መቃኘት። ስድስቱንም ክር ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አንገቱም ጎብጧል። ሐረር ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፤ ድሬ ስትወርድ ወደ 1,200 ሜትርና ወደ ሌላ ሙቀት ነው የምትገባው። ቅዳሜ ሐረር፣ እሑድ ድሬ ሰርግ የሚሠራ ጊታር እንጨቱ መንቀሳቀሱ አይቀርም። አንገቱ ውስጥ ይህን የሚያርም የብረት ዘንግ አለ። ልጁ ዘንጉ መኖሩን አያውቅም ነበር፤ የነገረው የለማ!

የዛሬ ርካሽ ጊታር የድሮው ርካሽ ጊታር አይደለም። ቻይናና ኢንዶኔዥያ ያሉት ፋብሪካዎች እንጨቱን የሚቆርጡት በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን ነው፤ አካሉና አንገቱ እንደ ድሮው በዕድል አይገጣጠምም። የሚጎድለው የመጨረሻው የእጅ ሥራ ነው። ፋብሪካው ዋጋ የቀነሰው እሱን ትቶ ነው። ስለዚህ የልጁ ጊታር ጉድለት እዚሁ ከተማ ውስጥ በእጅ የሚሞላ ነው። ይህ ደግሞ የእጅ ባለሙያ ከተማ ናት፤ መጽሐፍ የሚጠርዝ፣ ስፌት የሚሰፋ፣ ብር የሚያነጥር ሰው የማይጠፋባት። ጊታር የሚያቃና ግን ፈልጌ አጣሁ።

«ርካሽ» የሚለው ቃልም እኛ ጋ ሲደርስ ትርጉሙ ይለወጣል። አሜሪካ ያለ ተማሪ በክረምት ሥራ የሚገዛውን የ200 ዶላር ጊታር ውሰዱ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት በባንክ ምንዛሪ 11,400 ብር ግድም ነበር። ዓመት ሳይሞላ የዶላሩ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ ያው ጊታር ከ22,000 ብር በላይ ማለት ነው። ማጓጓዣው፣ ቀረጡ፣ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የነጋዴው ትርፍ ገና አልተጨመረም። ለብዙ ደመወዝተኛ ከወር ገቢው በላይ ነው። ለዚህ ነው ወጣቱ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ወርዶ፣ ወይም ሸዋ በር ውጭ ካለው ገበያ፣ ከየት እንደመጣ የማይጠየቅ ጊታር ተከራክሮ የሚገዛው። (ገበያው ራሱ «ታይዋን» ተብሎ ሲያበቃ የዕቃው «ቻይና» መሆን ለምን እንደሚያሳፍር አንድ ሰው ያስረዳኝ።) ክር ሲበጠስ ደግሞ ልጁ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ይጠብቃል። ቀጭኗ ክር ከተበጠሰች ሦስት ሳምንት ሆኗታል፤ በአምስት ክር ነበር የሚለማመደው።

ድሮም መሣሪያ የሙዚቀኛው አልነበረም። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ ኦርኬስትራዎች መሣሪያ የተቋሙ ነበር፤ ክበብ ውስጥ የሚጫወተው ደግሞ በክበቡ ባለቤት እጅ ነበር። እነ ሃይሉ መርጊያ ዋልያስ ባንድን ይዘው በራሳቸው መቆማቸው በዘመኑ ትልቅ ነገር የሆነው ለዚህ ነው። የተቋም መሣሪያ ግን አንድ መልካም ጎን ነበረው፤ የሚጠብቀው፣ የሚጠግነው፣ የሚቃኘው ሰው ደመወዝ ይከፈለው ነበር። ተቋማቱ ሲደክሙ ያ ሰውዬ አብሮ ጠፋ። አሁን እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ጊታር አለው፤ የሚጠግን ግን የለውም።

የሐረሪ ክልል ባህልና ወጣቶች ጉዳይ የያዛችሁ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ፣ ፌንደር ግዙ አላልኳችሁም። ለአንድ የወጣት ማዕከል አንድ ደህና አምፕሊፋየር፣ አንድ ሳጥን መፍቻና ሞረድ፣ በርከት ያለ ክር። አንድ ሰው አዲስ አበባ ልካችሁ ጊታር ማቃናት ተምሮ ይምጣ፤ የወራት ትምህርት ነው። ለአንድ ቀን ፌስቲቫል ባነር ከሚወጣው ገንዘብ የሚበልጥ አይመስለኝም። ቀረጥ የሚወስኑትም የጀማሪ ተማሪን ጊታር እንደ ቅንጦት ዕቃ ማየቱን ቢተዉት የመንግሥት ካዝና አይጎድልም፤ ስንት ጊታር ይገባና ነው?

የባንድ አለቆችም ጆሯችሁን ተጠቀሙ። ጊታሩን በቀጥታ ሚክሰር ላይ ሰክታችሁ እንደ ጣሳ እያስጮሃችሁት ጥፋቱን በብራንዱ ላይ አትጣሉ። ፌንደርንም እንደዚያ ብትሰኩት ጣሳ ነው የሚሆነው።

ልጁንና ጊታሩን ይዤ ሬዲዮ የሚጠግን ወዳጄ ጋ ሄድን። የላላውን ሶኬት በየደው፤ ብሎኖቹን እኔ ከስልኬ እያየሁ እሱ አዞረ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀብን፤ ጀማሪዎች ነና። አንገቱን ለመንካት ፈራን፣ ተውነው። ስንጨርስ ልጁ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ባቲውን ወረደው። ወዳጄ የብየዳ ብረቱን እንደያዘ ቀረ።

ተለጣፊውን ላንሳልህ አልኩት።

«ተው አቦ፣ ሰርጉ ይለፍ» አለኝ፤ የተነሳውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ደጋግሞ እየተጫነ።