ተዘዋዋሪውን ሰባኪ ማን ይጠይቀዋል?

ሱንዳር ሲንግ የተባለው የፑንጃብ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ በላሆር የአንግሊካን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት የጀመረውን ትምህርት አቋርጦ ወጣ። የተሰጠውን የስብከት ፈቃድም ለጳጳሱ መለሰ። ጠብ አልነበረም። ቅስና ቢቀበል በአንድ ሀገረ ስብከት ተወስኖ መቀመጥና በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት እንደ ልቡ አለመስበክ ግድ ይሆንበት ነበር፤ እሱ ግን እስከ ቲቤት ለመዝለቅ ቆርጧል። እ.ኤ.አ. በ1929 ወደዚያው ቲቤት ሊሻገር ተነሥቶ ደብዛው እስኪጠፋ ድረስ ክህነት የሌለው ምእመን ሆኖ ኖረ። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይጠይቀዋል? ጳጳስ የለበትም፣ ደመወዝ የሚቆርጥበት ቢሮ የለም፣ ዛሬ የሰበከበትን መንደር ነገ ጥሎት ይሄዳል። ሥጋቱ እውነተኛ ነው። እኔ ግን በሕንድ ተዘዋዋሪውን ሰባኪ ከማንኛውም ፈቃድ ይበልጥ በልክ የያዘው የሰሚው እንጀራ ነው እላለሁ። የሚበላውን ከሚሰብክላቸው ሰዎች እጅ እስካገኘ ድረስ ጠያቂ አያጣም፤ ጠያቂ የሚያጣው ቀለቡ ከሩቅ መምጣት ሲጀምር ነው።

ሱንዳር እ.ኤ.አ. በ1889 በራምፑር መንደር ከሲክ ቤተሰብ ተወለደ። እናቱ ቅዱስ ሰው እንዲሆንላት ትመኝ ነበር፤ ክርስቶስን ሲከተል ግን ቤተሰቡ አወጣው። በ1905 በልደቱ ቀን በሲምላ ተጠመቀ፤ ወር ያህል ቆይቶ ወይባ የመሰለውን የሳዱ ልብስ ለበሰ፣ ባዶ እግሩን ሆነ፣ አዲስ ኪዳኑን ያዘና ያለ ገንዘብ ወጣ። ሳዱ ማለት ለሕንድ መንደር እኛ ዘንድ ባሕታዊ እንደሚታወቀው የታወቀ እንግዳ ነው፤ ያበሉታል፣ ያዳምጡታል፣ ደግሞም ያፋጥጡታል። በዚያን ዘመን ብዙው የወንጌል ሠራተኛ በሚሲዮን ግቢ የሚኖር፣ ከውጭ በመጣ ገንዘብ የሚከፈለው ሰው ስለነበር ገበሬው እንደ ፈረንጅ ሹም ቢያየው አይፈረድበትም። ሱንዳር የመጣው ግን ርቦት ነው። የሚሰጠው ሥራ፣ የሚከፍተው ትምህርት ቤት፣ የሚያድለው እህል አልነበረውም። የሚናገረው የማይረባ ከሆነ ደጁ ይዘጋበታል፤ በቃ። ከአሜሪካዊው ሳሙኤል ስቶክስ ጋር በሳባቱ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያገለግልም እንዲሁ ነበር። ቁስል የሚያጥበውን ሰው ማንነት ለመመርመር ጉባኤ መጥራት አያስፈልግም፤ ሕመምተኛው ራሱ ያውቀዋል።

የሂንዱ ሳዱዎችን ልብስ መልበሱ ማታለል ነው ብለው የተቹት አሉ። ልብሱ የእምነት መሸፈኛ ቢሆን ኖሮ ወቀሳው ልክ ነበር። እሱ ግን ክርስቲያን መሆኑን አልደበቀም፤ በሳዱነቱ ደጅ የከፈቱለት ሰዎች ክርስቲያንነቱን ሲያውቁ እያባረሩት ጾሙን ያደረባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። አታላይ በማታለሉ ያተርፋል፤ የሱ ትርፍ ረሃብ ነበር። ደግሞም ነገሩ በልብሱ አልቆመም። ከሱ አንድ ትውልድ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1873፣ ዲት የሚባል አንካሳ ቆዳ ነጋዴ በሲያልኮት ተጠመቀ። የማይነኩ ከሚባሉት ከቹህራዎች ወገን ነበር። ያጠመቀው ሚሲዮናዊ ትምህርቱ ሳይጠነክር ወደ መንደሩ መመለሱን አልወደደውም ነበር፤ ዲት ግን ተመለሰ። ዘመዶቹ አገለሉት፣ እሱ ቆዳ መግዛቱን ቀጠለ፣ ለቆዳ በሄደበት ሁሉ ያመነውን ተናገረ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሚስቱን፣ ሴት ልጁንና ሁለት ጎረቤቶቹን ይዞ በእግሩ ሲያልኮት ገባ። የፑንጃብ ክርስቲያኖች ቁጥር በ1881 ወደ 4 ሺህ ይጠጋ ነበር፤ በ1931 ከ300 ሺህ በላይ ሆነ። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ከመሬት ባለቤቶች ጭቆና መጠጊያ መፈለጉም አለበት። ጅማሬው ግን ከዲት ጉዞ አይነጠልም። ዲት በንግዱ ራሱን የቻለ፣ በጎረቤቶቹም መሐል ዕድሜውን የኖረ ሰው ነው። ቢዋሽ የሚሸሽበት ሌላ አገር አልነበረውም።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ የሚነሣው ከሱንዳር ከራሱ ታሪክ ነው። በቲቤት ከሬሳ ጉድጓድ በተአምር እንደወጣ ተናገረ፤ በካይላስ ተራራ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የኖረ ክርስቲያን ባሕታዊ እንዳገኘም ተናገረ። እነዚህን ማንም ሊያረጋግጥለት አልቻለም። በሕንድ የነበረው ኢየሱሳዊ አባ ሆስተንና የስዊሱ ኦስካር ፕፊስተር ክፉኛ ተቹት፤ በጀርመን ፍሪድሪሽ ሃይለር ተሟገተለት። ጳጳሱ ቢይዙት ኖሮ ይህ ባልመጣ ነበር የሚል ሰው ይኖራል። ክርክሩ የተጋጋለበትን ጊዜና ቦታ ግን እንይ። ሱንዳር በ1920 ብሪታንያን፣ አሜሪካንና አውስትራሊያን ዞረ፤ በ1922 ወደ ስዊዘርላንድ፣ ጀርመንና ስካንዲኔቪያ ተሻገረ። አዳራሾች ሞሉ፣ መጻሕፍት ታተሙ። የአውሮፓ አድማጭ የቲቤትን መንገድ አያውቅም፣ ሰባኪው የት እንዳደረ አላየም፣ ተአምር ለመስማት ግን ጓጉቷል። ለነዚያ ታሪኮች ምስክር አለመገኘቱ እኔንም ያሳስበኛል፤ እውነት ናቸው ብዬ አልሟገትም። ያ የአውሮፓ አድማጭ ግን እሱን የሚጠይቅበት ምንም መንገድ አልነበረውም፤ በሚሲዮንና በቤተ ክርስቲያን መድረክ መቅረቡም ከክርክሩ አላዳነውም። የሳባቱ ሕመምተኞችና የፑንጃብ ገበሬዎች ግን ሱንዳርን በዓይናቸው አይተው ያውቁት ነበር።

ጉዳዩ ዛሬም ትኩስ ነው። ጋንዲ በዘመኑ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ለሃይማኖት ማስለወጫ መዋላቸውን አጥብቆ ነቅፏል፤ ነቀፋው ፍሬ ነበረው። የሕንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 እምነትን የማሰራጨት መብት ይሰጣል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1977 ይህ ሌላውን ሰው የመለወጥ መብት አይደለም ሲል ተረጎመው። ኦዲሻ በ1967 በኃይል፣ በማጭበርበርና በመደለያ ማስለወጥን ከለከለች፤ ሌሎች ክፍለ ግዛቶችም ተከትለዋታል። መደለያን መከልከል ፍትሐዊ ነው። የ2021 የኡታር ፕራዴሽ ሕግ ግን እምነቱን የሚለውጠው ሰው ራሱ 60 ቀን አስቀድሞ ለአውራጃው ሹም እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። እንደ ዲት ያለ ድሃ በመንደሩ ከደረሰበት መገለል ላይ የሹም ምርመራ ይጨመርበታል፤ የማይነካ ተብሎ የኖረ ሰው ስለ ሕሊናው ፈቃድ የሚጠይቅበት ምክንያት ሊኖር አይገባም። ፈተናው ከሰባኪው ገንዘብ ይጀምር። ማን ይከፍለዋል? የሚከፈለው በተጠመቀው ሰው ቁጥር ነው? አብያተ ክርስቲያናቱ መንግሥት እስኪያስገድዳቸው ሳይጠብቁ ይህን ለመንደሩ ሕዝብ በግልጽ ቢያሳውቁ፣ ሰባኪዎቻቸውንም ከሩቅ በሚላክ ደመወዝ ፈንታ በእጃቸው ሥራ በዚያው ቢያኖሩ፣ የመደለያ ክስ የሚይዘው ነገር አያገኝም።