«ያዝ!» እየተባለ ያደገ ውሻ



ደሴ ያደጋችሁ ታስታውሱ ይሆናል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ የላይኛው ሰፈር ልጆች ውሻቸውን ይዘው ይወርዳሉ፤ እኛም የእኛን ፈትተን እንወጣለን። «ያዝ! ያዘው!» ስንል ሁለቱ ይተናነቃሉ። ያሸነፈው ውሻ ባለቤት ሳምንቱን ሙሉ ይኩራራል። የተሸነፈው ጆሮው ተተልትሎ እያነከሰ ይገባል፤ ቁስሉን የሚያጥብለት እንኳ አልነበረም። ከሚጮኹት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ሰሞኑን አንድ ጎረቤታችን ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ውሻውን የሚወስድለት አጣ። የሰፈር ጎረምሶች ሲያዋጉት የኖረ ነውና ፊቱ ጠባሳ በጠባሳ ነው። ትልቋ ልጄ «እኛ እንውሰደው» ስትል እናቷ «የአራት ዓመት ሕፃን ባለበት ቤት?» አለች። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ይኸው ጥያቄ በሌላው ዓለም ፍርድ ቤት ድረስ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ማይክል ቪክ የተባለ ዝነኛ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች በቨርጂኒያ ግዛት ውሻ በማዋጋት ተከሶ 23 ወር ተፈረደበት። ቀድሞ ቢሆን እንዲህ ካለ ቦታ የተያዙ ውሾች «አይታረሙም» ተብለው ይገደሉ ነበር። በዚያ ጉዳይ ግን ባለሙያዎች 50 ያህሉን አንድ በአንድ መረመሯቸው። በጠበኝነቱ ምክንያት የተገደለው አንድ ብቻ ነው። ብዙዎቹ ከቁጣ ይልቅ ፍርሃት ነበር ያደረባቸው። ብርቱ ክትትል የሚያሻቸው 22ቱ ዩታ ግዛት ወዳለ መጠለያ ተላኩ፤ ከሌሎቹም ብዙዎቹ ቤተሰብ አገኙ። ቪክም ለእንክብካቤያቸው 928 ሺህ ዶላር ገደማ እንዲከፍል ታዘዘ።

እንግዲህ ውሻን በወሬ ሳይሆን በራሱ ጠባይ መመዘን ነው። እንዲህ ያለ ውሻ ለመውሰድ ካሰባችሁ የሚከተሉትን ልብ በሉ።

መጀመሪያ ክትባት። ውሻ ከሦስት ወሩ ጀምሮ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳል፤ በየጊዜውም ይደገምለታል። ግቢያችሁ ከመግባቱ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይየው። ሐኪሙ «ይህ ሕፃን ላለበት ቤት አይሆንም» ካላችሁ ስሙት፤ ልጅ የሌለው ቤት ይፈለግለት።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጸጥ ያለ ጥግ ስጡት። ዘመድ አዝማድ እየተጠራ አይታይ። ሲበላና ሲተኛ ማንም አይንካው። ከሌላ ውሻ ጋር ቶሎ አታገናኙት። ሲያጉረመርም አትምቱት፤ ማጉረምረም «ተዉኝ» ማለቱ ነው። ይህን በዱላ ያስጣላችሁት ውሻ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ትንሽ ልጅና ውሻ ደግሞ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን ለብቻቸው አይተዉ።

ጥርሱ ቆዳ ከጫረ ቦታውን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ በጊዜው በተሰጠ ክትባት ግን ይከላከሉታል።

የማደሪያው ነገርም አለ። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነውና የክረምቱን ዝናብና ብርድ ታውቁታላችሁ። ቤቱን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ገለባ አንጥፉለት። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ጥላና ቀኑን ሙሉ ውሃ እንዳይለየው።

ጎረቤትንም አትርሱ። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ግቢ ተጋርተን ነው የምንኖረው። ውዱእ አድርጎ ለሶላት የሚወጣ ጎረቤት ውሻ እንዲልሰው አይፈልግም። ስለዚህ ውሻው ከመተላለፊያው ራቅ ይበል፤ ከመምጣቱ በፊትም ጎረቤት ይማከር። አስቀድሞ የተጠየቀ ጎረቤት ብዙ ነገር ይችላል።

እኛ ምን አደረግን? ባለቤቴ ሁለት ነገር አለች፦ ሳይከተብ እንዳይገባ፣ በእሱና በትንሹ ልጃችን መካከልም ሁልጊዜ የሚቆለፍ በር እንዲኖር። ተስማማን። ሐኪሙም አየውና ፈቀደ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ምግቡን ሌሊት ሰው ሳያየው ነበር የሚበላው። አሁን ልጄ ሳህኑን አስቀምጣ ስትርቅ ይመጣል። እጄን ሳነሳ ግን ዛሬም መሬት ላይ ይለጠፋል።

ባለፈው ቅዳሜ ከአጥሩ ውጭ ልጆች «ያዝ! ያዝ!» እያሉ ሲሯሯጡ ከተኛበት ብድግ ብሎ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጄ በሩን ከፍታ ወጣችና «እባካችሁ ያንን ቃል እዚህ አትበሉ፤ ያስታውሰዋል» አለቻቸው። ልጆቹ ዝም አሉ። እኔም በረንዳው ላይ ዝም አልኩ።

እስከ ወር ቸር እንሰንብት።