እዚያ ማን አላት?

ላፍቶ ውስጥ ልጇን ወይም የልጅ ልጇን ቦሌ ድረስ ሸኝታ ያልተመለሰች እናት ማግኘት ከባድ ነው። በእኛ ዕድር ብቻ የአንዷ ልጅ ቶሮንቶ፣ የሌላዋ ዱባይ፣ የሦስተኛዋ ቤሩት፣ የእኔዋ ደግሞ እንግሊዝ አገር ብሪስቶል በምትባል ከተማ ናት። ቡና ላይ ስንቀመጥ ስለ ብርዱ፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ምንዛሪው እናወራለን። ሆዳችን ውስጥ የሚብላላው ግን ሌላ ነው። እዚያ ማን አላት? ሌሊት ቢያማት የማንን በር ታንኳኳለች?

አምና ልጄ ስትወልድ አራስ ልጠይቅ ሄጄ ሦስት ወር ተቀምጬ መጣሁ። ከሽሮው፣ ከበርበሬውና ከገንፎው ዱቄት ጋር ያንን ጥያቄም ተሸክሜ ነበር የሄድኩት።

አስቀድሜ ስለ መልኬ ላውራ። እዚህ አገራችን ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እየተባባልን እንለያያለን፤ እኔ ጠይም ነኝ። ብሪስቶል ላይ ጠይም የሚባል ነገር የለም። ከጃማይካዋም ከናይጄሪያዋም እኩል ጥቁር ሴት ሆንኩ። በስልሳ አራት ዓመቴ አዲስ ስም ወጣልኝ ማለት ነው። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ሰው ቆሞ እያለ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶውን ቀረ። ሌላ ቀን አንድ ጎረምሳ «ወደ አገርሽ ሂጂ» ብሎኝ አለፈ። የመመለሻ ቲኬቴ እኮ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ቋንቋው ቶሎ ቢመጣልኝ አሳየው ነበር።

ያ ወንበር ባዶ በቀረበት ቀን ግን ከኋላ ቆማ የነበረች አንዲት ሴት ወደ ፊት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስለ ሌሎቹ ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ ከንፈርም አልመጠጠችልኝም። ነጠላዬን አይታ «ጥለቱ በእጅ የተሠራ ነው?» አለችኝ። በአስተማሪነት ዘመኔ የተረፈችኝን እንግሊዝኛ ሰብስቤ ስለ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ነገርኳት። እኔ ደግነት የምለው እንዲህ ያለውን ነው። የሚያዝንልኝ ሰው አልፈለግሁም፤ አጠገቤ የሚቀመጥ ነው ያጣሁት።

በዚያ ከተማ ሰው ከአውቶቡስ ሲወርድ ሾፌሩን አመስግኖ ነው። ሾፌሩም ሴቷን ሁሉ «የኔ ፍቅር» ይላታል። የመጀመሪያ ቀን ሲለኝ ደንግጬ ልጄን ዞር ብዬ አየኋት፤ ሳቀችብኝ። በኋላ ነው የአውቶቡሱን ታሪክ የነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ1963 የከተማው አውቶቡስ ድርጅት ጥቁርና እስያዊ ሾፌር አልቀጥርም ይል ነበር። ፖል ስቲቨንሰን የሚባል ወጣትና ጓደኞቹ «እንግዲያው አንሳፈርም» ብለው ሕዝቡን አሳደሙ፤ የዩኒቨርሲቲው ነጭ ተማሪዎችም አብረዋቸው ተሰለፉ። ከወራት በኋላ፣ ነሐሴ ወር ማለቂያ ላይ ድርጅቱ እገዳውን አነሳ። ያ «የኔ ፍቅር» ሰዎች ታግለው ያመጡት ነው።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ከልጄ ቤት በታች ሰማንያ ሁለት ዓመት የሞላቸው ባልቴት ይኖራሉ። ልጄ ምጥ የያዛት ሌሊት ባሏ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበር፤ እኔም ገና ቪዛዬን እየጠበቅሁ ላፍቶ ነበርኩ። በሩን ያንኳኳችው የእርሳቸውን ነው። በሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው፣ መኪናው እስኪመጣ ጀርባዋን እያሹ ቆዩ። ይህን በስልክ ማንም አልነገረኝም፤ እዚያ ስደርስ ነው የሰማሁት። ከዚያ በኋላ በየማክሰኞው ክዳን ያለው ድስት ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፤ ሾርባ ነው። ጨው የለውም፤ ግን ሾርባ ነው።

እኔም ቡና አፍልቼ ጠራኋቸው። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠጡ። ገንፎውን አንዴ ቀምሰው ማንኪያውን በትሕትና አስቀመጡት። በጨዋታ መሀል ብቸኛ ልጃቸው አውስትራሊያ እንደሚኖር፣ እሑድ እሑድ እንደሚደውል ነገሩኝ። ለካ እርሳቸውም እንደ እኛ ናቸው። የእርሳቸው ልጅም ሲድኒ ተቀምጦ «እናቴ እዚያ ማን አላት?» ይላል። መልሱ የእኔ ልጅ ናት። የቤታቸው ትርፍ ቁልፍ እሷ ጋ ነው፤ የእሷም እርሳቸው ጋ። መድኃኒት ታመጣላቸዋለች፤ መብራታቸው በጊዜው ካልበራ ወርዳ ታያለች።

ብሪስቶል አጠገብ፣ በባቡር ሩብ ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ፣ ባዝ የሚባል ከተማ አለ። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት በ1928 ዓ.ም. የተሰደዱት ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እስከ 1932 ዓ.ም. የኖሩት እዚያ፣ ፌርፊልድ በሚባል ቤት ነው። ልጄ ወስዳ አሳየችኝ። ጃንሆይ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ቤቱን ለከተማው አረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን ሰጡት። ስደተኛ የተጠለለበትን ቤት ለተቀበሉት ሰዎች ሽማግሌዎች መመለስ! ደጃፉ ላይ ቆሜ የልጄን ጎረቤት አሰብኳቸው።

ከሁሉ ልቤን የነካኝ ግን የልዕልት ፀሐይ ነገር ነው። ያኔ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል እንደማንኛዋም ተማሪ ገብታ ነርስነት ተማረች። የለንደን እናቶች የታመመ ልጃቸውን ለአንዲት ጥቁር ልጃገረድ እጅ ሰጡ ማለት ነው። አገር ነፃ ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ በለጋ ዕድሜዋ አረፈች። በሲልቪያ ፓንክኸርስት አስተባባሪነት ከእንግሊዝ ሕዝብ በተዋጣ ገንዘብ በስሟ ሆስፒታል ተሠራላት። ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ሆስፒታል ነው። በደጁ ስንት ጊዜ በታክሲ አልፈናል!

አሁን ቤሩት ልጅ ያላት ጎረቤቴ ይህን ስታነብ «ያንቺስ ዕድል ነው» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። የእኔ ልጅ በሯን ከፍታ ወርዳ ማንኳኳት ችላለች። ከፋላ በሚባለው አሠራር የሄደች ልጅ የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፓስፖርቷም እዚያው ይያዛል። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። በር ተቆልፎባት የምትኖር ልጅ ሠፈሩ በደግ ሰው ቢሞላ ምን ይጠቅማታል? በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች በርካታ እህቶቻችንን ቤሩት ባለው ቆንስላችን ደጅ ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ምግብና የቤት ኪራይ ይዘው ከደረሱላቸው መካከል «እኛ ለእኛ በስደት» አንዱ ነው፤ ማኅበሩን እ.ኤ.አ. በ2017 የመሠረቱት እዚያው የቤት ሠራተኛ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። በ2017 ዓ.ም. መስከረም ጦርነቱ ሲበረታ ደግሞ ቤሩት የሚገኘው የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ለስደተኛ ሠራተኞች በሩን ከፈተ። የሊባኖስ ሰዎችም ከየመንገዱ የሴራሊዮን ሴቶችን ሰብስበው አስጠለሉ። ደግ ሰው እዚያም አለ። ልጆቹን ያገኛቸው ግን ሜዳ ላይ ከተጣሉ በኋላ ነው።

እዚሁ ላፍቶ በየቤታችን የምትሠራው ልጅስ? እናቷ ገጠር ተቀምጣ ስለ እሷ የምትጠይቀው ያንኑ ነው። እሑድ ትወጣለች? ስልኳ በእጇ ነው? ማታ ትማራለች?

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዕድራችን አባል ሴት ልጇን ይዛ መጣች፤ ልጅቷ ከወር በኋላ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው። እናቲቱ ስለ ደመወዙ ነገረችኝ፤ ደህና ነው። እኔ ግን ልጅቷን ሦስት ነገር ጠየቅኋት፦ ስልክሽን ማን ይይዘዋል? በሳምንት ስንት ቀን ትወጫለሽ? የፓስፖርትሽ ቅጂ እናትሽ ጋ ይቀራል? እናቷን ቀና ብላ አየቻት። ሁለቱም ኤጀንሲውን አልጠየቁም ነበር፤ ሰኞ አብረው ሊሄዱ ተነጋግረው ወጡ።