አንድ በር፣ ብዙ ጓዳ

የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም ሲመሠረት ቢሮዎቹ በአንድ ከተማ አልተከማቹም። ሆሳዕና፣ ወልቂጤ፣ ቡታጅራና ሌሎችም ተካፈሏቸው። ለከተሞቹ ጥሩ ነው፣ በዚህ አንጣላም። ግን ጉዳዩ ወልቂጤ ያለ የቡታጅራ ሰው «ምን ምን ይዤ ልምጣ?» ብሎ ለመጠየቅ ብቻ የመኪና መክፈል አለበት እንዴ?

ለዚህ የተፈጠረው ፖርታል ነው። በሩ አንድ ነው፤ ገጹ ላይ ያሉት መስኮቶች ግን (ፖርትሌት ይሏቸዋል) ከየቢሮው ይመጣሉ። አንዱ ስለ ንግድ ፈቃድ፣ ሌላው ስለ መሬት ይናገራል። የጃቫ ሰዎች ጄኤስአር 168 የሚባለውን መስፈርት ያወጡለት እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እኛ ጋ ግን ቢሮ ሁሉ የራሱን ዌብሳይት ማሠራት ይወዳል፣ ከነኃላፊው ፎቶ። (ፎቶው መቼም አይቀርም!)

ፖርታል ሲሠራም የሚበላሽበት ቦታ ይታወቃል። ፕሮግራመሩ ድሮ የሠራውን ጄኤስፒ፣ ማለትም ሰርቨር ላይ ገጽ እያዘጋጀ የሚልክ ቴምፕሌት፣ እንዳለ አንስቶ መስኮቱ ውስጥ ይከተዋል። ቴምፕሌቱ ግን ሙሉ ገጽ ሆኖ ነው የተጻፈው፤ የራሱ ራስጌ አለው፣ የራሱ ርዕስ አለው። መስኮት ደግሞ ቁራጭ ብቻ ነው ማውጣት ያለበት፣ መስፈርቱም የሚለው ይህንኑ ነው። ሊንኩንም ፖርታሉ ራሱ እንዲሠራው ካልተደረገ፣ ባለጉዳዩ አንዴ ሲጫን ከበሩ ውጭ ይጣላል። ሁለት ቢሮዎች «ስም» የሚል ሳጥን በአንድ መለያ ከሰየሙማ የአንዱ ስክሪፕት የሌላውን ቅጽ ያምሳል። ይባስ ብሎ ጄኤስፒ ዩቲኤፍ-8 ተብሎ ካልተነገረው ፋይሉን የሚያነበው በላቲን ፊደል ነው፤ ያኔ አማርኛችን የማይነበብ ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል።

እኔ የምለው፣ ክልሉ ለየቢሮው ዌብሳይት ከማሠራት አንድ በር ይሥራና ለየቢሮው የቁራጭ ቴምፕሌት ይስጥ። ጽሑፉ ከቴምፕሌቱ ተለይቶ ይቀመጥ። ክፍያው ሲቀየር የቢሮው ሠራተኛ ራሱ ያስተካክለው፣ ከአዲስ አበባ ፕሮግራመር አይጠራበት። ቃላቱ ለብቻ ፋይል ላይ ካሉ ያው መስኮት ነገ በጉራጊኛም ይናገራል። (በየትኛው ቤት ጉራጊኛ? እሱን ለሽማግሌዎች እንተወው።)

ሥራው ሩቅ አገር የሚላክ አይደለም። ጉብርዬ ላይ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ኮምፒውተር ያስተምራል። ለመመረቂያ ፕሮጀክት አንድ የንግድ ፈቃድ መስኮት ሠርተው ቢያሳዩን ምን አለበት?