ሰምና ወርቁን ለባለቤቱ ተዉለት

የእህቴ ልጅ የሦስት ቀን ሥልጠና ጨርሶ መጣ። ሰርተፊኬቱ «ኳንተም ኮምፒዩተር ፕሮግራሚንግ» ይላል፤ ማኅተሙ ከጽሑፉ ይበልጣል። ክፍያውን እናቱ ከዕቁቧ ነው ያወጣችው።

ምን ተማርክ? አልኩት።

«ጋሼ፣ ኪዩቢት ማለት እኮ ሰምና ወርቅ ነው! ዜሮም ነው፣ አንድም ነው። ኮምፒዩተሩ መልሱን ሁሉ ባንዴ ይሞክርና ትክክለኛውን ይተፋል።»

ደሜ ፈላ። በኮምፒዩተር ቢዋሹኝ ዝም እል ነበር፤ ዕድሜዬን ባስተማርኩት በሰምና ወርቅ ግን አልችልም። ቅኔ ሲፈታ ወርቁ ቢገኝም ሰሙ የትም አይሄድም። ኪዩቢት ግን ሲለካ ከዜሮና ከአንድ አንዱን ብቻ ይሰጣል፤ ሌላው የለም። መልሱን ሁሉ ደራርበው ዝም ብለው ቢለኩት የሚደርስዎ በዕጣ የወጣ አንድ መልስ ነው። ለዕጣማ ሎተሪ አዟሪ መቼ ጠፋ!

ቁም ነገሩ ሌላ ነው። አንድ የሂሳብ መምህር ወዳጄ ማኪያቶ እየጠጣን በሶፍት ላይ ጽፎ አሳይቶኛል። ሳንቲም አንዴም ወረወሩት ሁለቴ፣ ዘውድና ጎፈሩ ያው ግማሽ በግማሽ ነው። ዜሮ የነበረ ኪዩቢት ሃዳማርድ በሚሉት «በር» አንዴ ሲያልፍ እንደ ሳንቲሙ ግማሽ በግማሽ ይሆናል፤ ሁለቴ ሲያልፍ ግን ያለጥርጥር ዜሮ ሆኖ ይመለሳል። ለምን ቢሉ፣ ውስጡ ያሉት ቁጥሮች ኔጌቲቭም ስለሚሆኑ ወደ አንድ የሚወስዱት መንገዶች ይሰራረዛሉ፣ ወደ ዜሮ የሚወስዱት ይደጋገፋሉ። ሙያው ስህተቱን እንዲህ ማሰራረዝ ነው። ሎቭ ግሮቨር እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ዘዴ፣ ካልተደረደሩ 1 ሚሊዮን ነገሮች የሚፈለገውን ለማግኘት 785 ያህል ዙር ያስፈልጋል። «ባንዴ» ከሆነ 785 ምን ሊሠራ መጣ?

«ለጀማሪ ምሳሌ ያስፈልገዋል» የሚሉኝ አሉ። እሺ፤ ምሳሌው ወደ ሂሳቡ ካደረሰ ማን ጠላ? ለመነሻ የሚያስፈልገው ማትሪክስ ማባዛት፣ ኮምፕሌክስ ቁጥርና ትንሽ ፓይተን ነው። የአይቢኤም ኪስኪት እንደሆነ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በነፃ ይገኛል።

«ማትሪክስስ?» አልኩት ልጁን።

«አሠልጣኙ አያስፈልግም ብለዋል።»

ያን ማታ ሃዳማርድን በራሱ አባዛው። ሁለት በሁለት ናት፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀችም። የኔጌቲቯ ምልክት ሥራዋን ስትሠራ አየና ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ይቺን በመጀመሪያው ቀን ለምን አልነገሩንም?»

ሰርተፊኬቱን አቀበልኩት። ማኅተሙ ላይ ስልክ ቁጥር አለ።