ሐርማታን የሚባለው የጋና የበጋ ነፋስና ለመንገደኛ ቤተ ሰብ የሚገባው ጥንቃቄ

ለመንግሥት ሥራም ሆነ ዘመድ ለመጠየቅ ከቤተ ሰባቸው ጋራ ወደ ጋና የሚሄዱ አንባቢዎቻችን ዝናም የሌለበትን ወራት ቢመርጡ አይፈረድባቸውም፤ ወሩም ከእኛ በጋ ጋራ ይገጥማል። ነገር ግን የዚያ አገር በጋ ከደጋችን በጋ ጋራ በስም እንጂ በጠባይ አይመሳሰልምና፥ እመቤቲቱ ሻንጣ ከማሰናዳቷ በፊት ልታውቀው የሚገባውን ዛሬ ጥቂት እንጽፋለን።

ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ ከሰሐራ ምድረ በዳ ወደ ባሕር የሚነፍስ ደረቅ ነፋስ አለ፤ ስሙም ሐርማታን ይባላል። የአካን ሕዝብ በቋንቋው ኦፔ ይለዋል፤ ፈረንጆች ጃንዋሪ የሚሉትንም ወር ከዚሁ ስም አውጥቶ ኦፔፖን ብሎ ይጠራዋል። ነፋሱ ከሚሸከመው ትቢያ ብዙው የሚነሣው በቻድ አገር ቦዴሌ ከሚባለው ዝቅተኛ ሥፍራ ነው። ቦዴሌ በጥንት ዘመን የታላቅ ሐይቅ ወለል ነበረ። ሐይቁ በደረቀ ጊዜ በውሃው ይኖሩ የነበሩ፥ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ፍጥረታት ቅርፊት ነጭ ዱቄት ሆኖ ቀረ፤ በቲቤስቲና በኤነዲ ተራሮች መካከል ተጣቦ የሚያልፈውም ነፋስ ይህን እያነሣ ወደ ምዕራብ ይበትነዋል። በታማሌ ከተማ ማታ የተወለወለ ጠረጴዛ ጧት ትቢያ ለብሶ ቢገኝ አሽከሩን መቈጣት አይገባም።

በባሕሩ ዳርቻ ይኖሩ የነበሩ ፈረንጆች ወበቁን ስለሚያርቅላቸው ይህን ነፋስ «ሐኪም» ይሉት ነበር። ስሙ ለአክራ ይስማማ ይሆናል፤ በዚያ ጥቂት ቀን ነፍሶ ይመለሳልና። በሰሜኑ ክፍል ግን ሳምንታት ይቈያል። ቀኑ ይሞቃል፥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፥ ከንፈር ይሰነጠቃል፥ የሕፃናት አፍንጫ ይደማል፥ የእንጨት ዕቃም ይፈነጠቃል። ስለዚህ ለሌሊት የሚሆን ወፍራም ልብስ መያዝ ይገባል። ለቈዳ የአገሩ ሴቶች ሺ ከሚባለው ዛፍ ፍሬ የሚያወጡት ቅቤ የሚበልጠው የለም። ፍሬውን ወቅጠውና ቈልተው፥ ፈጭተውም በውሃ እየመቱ ያወጡታል፤ በየገበያው ይገኛልና ከአገር ቤት ቅባት መሸከም አያስፈልግም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የማጅራት ገትር በሽታ ነው። ከሴኔጋል አንሥቶ እስከ እኛ አገር ድረስ በተዘረጋው ምድር ይህ በሽታ የሚበረታው በበጋ ነው። ደረቁ አየርና ትቢያው ጕረሮን ያቈስላሉ፤ በሌሊቱም ብርድ ሰው በአንድ ክፍል ተጨናንቆ ሲያድር በሽታው በትንፋሽ ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. በአፍሪካ ከ250,000 የሚበልጥ ሰው ታሞ 25,000 ያህል ሞቷል። ከዚያ በኋላ «ኤ» የሚባለውን ዓይነት የሚከላከል ክትባት በ2010 በቡርኪና ፋሶ ተጀምሮ በ2012 ለሰሜን ጋና ደረሰ፤ ያ ዓይነትም ከሞላ ጐደል ጠፋ። ሌሎቹ ዓይነቶች ግን አሉ። በእኛ አስተያየት ሕፃን ይዞ ወደ ሰሜን ጋና መሄድ የሚከለከል ነገር አይደለም፤ አራቱን ዓይነት የሚከላከለውን ክትባት ሳያስከትቡ መሄድ ግን ለወላጅ አይገባም። ድንገተኛ ትኵሳት፥ ብርቱ ራስ ምታት፥ የአንገት መገተርና ብርሃን መጥላት ምልክቶቹ ናቸው። ሕፃን ግን ሊናገር አይችልምና፥ ጡት እንቢ ሲል፥ ሰውነቱ ሲዝል ወይም እርግብግቢቱ ሲያብጥ ሌሊት ነው ሳይሉ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው፤ በሽታው በአንድ ቀን ሊገድል ይችላል፥ የተረፈውንም አንዳንድ ጊዜ ደንቈሮ ያደርገዋል።

ለቢጫ ወባ የተከተቡበትን ወረቀት የጋና መንግሥት በመግቢያው ይጠይቃል፤ ክትባቱም ከጕዞው 10 ቀን አስቀድሞ መደረግ አለበት። የወባ ትንኝ በበጋ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋምና አጐበሩ አይቅር።

ስለ መንገዱም፥ ከአክራ እስከ ታማሌ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትቢያው በበረታበት ቀን ርቆ ማየት ስለማይቻል አይሮፕላን ይዘገያል፥ አንዳንዴም ይቀራል፤ በታማሌ ቀጠሮ ያለው ሰው አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ ቢነሣ መልካም ነው። በኦቶሞቢል የሚሄድም በሌሊት አይንዳ፤ የተበላሸ የጭነት መኪና ያለ መብራት በመንገዱ መካከል ቆሞ ይገኛልና። በቮልታ ሐይቅ ላይ በጀልባ መሻገር ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። በ1965 የተፈጸመው የአኮሶምቦ ግድብ ውሃውን ሲያቈር ዱሩን እንደ ቆመ አስጥሞታል፤ በጋው ገፍቶ ውሃው ሲጐድል የዛፎቹ ግንድ ወደ ላይ ይቀርባል፥ ሰው የበዛበትንም ጀልባ ይገለብጣል። ሰው ሞልቶ ካዩ ገንዘብ ተከፍሎም ቢሆን መውረድ ይሻላል።

ጊዜ የተረፈው ቤተ ሰብ ከታማሌ በስተ ምዕራብ ወዳለው የሞሌ ብሔራዊ ፓርክ ቢዘልቅ ልጆቹ ይደሰታሉ። ወንዞቹ ሲደርቁ ዝሆኖቹ ውሃ ወዳለበት ኵሬ ይሰበሰባሉ፤ ከእንግዳ ማረፊያው ሆኖ ቍልቍል ሲመለከቱ በቀትር ሲታጠቡ ይታያሉ።