የውሃ ዝላይ የሚጀመረው ከየት ነው?

በታች ጋይንት ወረዳ፣ በአርብ ገበያ ለሚማሩ ወጣቶች ስለ ውሃ ዝላይ ስፖርት፣ ማለትም በተለምዶ ዳይቪንግ ስለሚባለው መጻፍ ቅንጦት መስሎ የሚታያቸው አንባብያን ይኖሩ ይሆናል። ለዚያ አካባቢ ልጅ ከመዋኛ ገንዳ ይልቅ የሚቀርበው ወንዝ ነውና። ይሁን እንጂ ገንዳው ባይኖርም ዝላዩ አለ። ክረምቱ አልፎ ጅረቶች ወደ በሽሎ ሸለቆ ጠርተው ሲወርዱ፣ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ልብሳቸውን ቋጥኝ ላይ ጥለው ወደ ጥልቁ መወርወራቸው በገጠራችን እንግዳ ነገር አይደለም። እኛም ስለ ስፖርቱ ለመጻፍ የተነሣነው በዚህ ምክንያት ነው። ልጆቹ ሳይማሩት የጀመሩት ነገር ሳይንስ አለው፤ አደጋም አለው።

በቅድሚያ ሳይንሱን እንመልከት። ከውሃው 3 ሜትር ከፍ ብሎ የተተከለው መስፈንጠሪያ ሰሌዳ በዘላዩ ክብደትና ግፊት ሲጎብጥ እምቅ ጉልበት ያከማቻል፤ ሲቃናም ያንኑ ጉልበት መልሶ ለዘላዩ ይሰጣል። የዘላዩ የክብደት ማዕከል ከሰሌዳው በላይ ተጨማሪ 1 ሜትር ተኩል ከፍ አለ ብንል፣ ውሃውን እስኪነካ ድረስ በአየር ላይ የሚቆየው 1.5 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ውሃው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መገለባበጡ፣ መጠማዘዙ፣ ቀጥ ብሎ መግባቱ ሁሉ በዚያች አንድ ተኩል ሰከንድ ውስጥ ማለቅ አለበት።

እግሩ ከሰሌዳው ከተላቀቀ በኋላ ዘላዩ ተጨማሪ የመሽከርከር ግፊት ከየትም አያገኝም። አንጉላር ሞመንተም የሚባለው መጠን ሰሌዳው ላይ ሳለ ተወስኗል። የቀረው ምርጫ ሰውነትን መሰብሰብ ወይም መዘርጋት ነው። ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሲያጥፍ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ሲዘረጋ ይዘገያል። አንባቢ ይህን በሚሽከረከር የቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በሁለት እጁ ከባድ መጻሕፍት ይዞ፣ እጆቹን በመዘርጋትና በመሰብሰብ ሊሞክረው ይችላል። ወንበሩ የርእሰ መምህሩ ከሆነ ግን አስቀድሞ ማስፈቀድ ይበጃል።

የሕፃንነት ዕድሜ በዚህ ስፖርት ያለው ልዩ ቦታ የሚገባን እዚህ ላይ ነው። ቅርጻቸው አንድ ዓይነት ከሆነ ሁለት ሰዎች አንዱ በቁመት በ10 በመቶ ቢያንስ፣ የጡንቻው ኃይል የሚቀንሰው በ19 በመቶ ገደማ ነው። ሰውነቱ መሽከርከርን የሚቃወምበት መጠን፣ በፊዚክስ ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ የምንለው፣ የሚቀንሰው ግን በ41 በመቶ ገደማ ነው። ትንሹ ሰው ካጣው ኃይል ይልቅ ያተረፈው ቅልጥፍና ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ በውሃ ዝላይ ታሪክ የልጆች ስም መብዛቱ ሊያስደንቀን አይገባም። ሀገራችን በፋሺስት ወረራ ሥር በወደቀችበት በእ.ኤ.አ. 1936 ዓመት፣ አሜሪካዊቷ ማርጆሪ ጌስትሪንግ በበርሊን ኦሎምፒክ የ3 ሜትር መስፈንጠሪያ ሰሌዳ የወርቅ ሜዳልያ ስትወስድ ዕድሜዋ 13 ዓመት ከ268 ቀን ነበር። ቻይናዊቷ ፉ ሚንግሺያ ደግሞ በእ.ኤ.አ. 1991 በፐርዝ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በ10 ሜትር መድረክ ስታሸንፍ ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበረች።

ሁለቱም ታሪኮች ግን ሌላ ገጽ አላቸው። ጌስትሪንግ በጉብዝናዋ ወራት የ1940 እና የ1944 ኦሎምፒኮች በጦርነት ምክንያት ቀሩባት፤ ለ1948ቱ የለንደን ውድድር በተደረገው የአሜሪካ ማጣሪያም አላለፈችም። በፉ ረገድ የዓለም አቀፉ የዋና ፌዴሬሽን የዝላይ ተወዳዳሪዎች ዝቅተኛ ዕድሜ 14 ዓመት እንዲሆን የወሰነው ከእርሷ ድል በኋላ ነበር። ውሳኔው ተገቢ ነበር እንላለን። የልጅ አጥንት ገና በማደግ ላይ ነው፤ የሚቀልለው መሽከርከሩ እንጂ ከውሃው ጋር መጋጨቱ አይደለም። ከዚህም ሌላ ቁመት በድንገት ሲጨምር ሰውነት የለመደው ሒሳብ ሁሉ ይፋለሳል፤ በ12 ዓመት የተካኑትን በ15 ዓመት እንደገና መማር ግድ ይሆናል። ፉ ይህን አልፋ በእ.ኤ.አ. 2000 በሲድኒ በ3 ሜትር ሰሌዳ ወርቅ ማግኘቷን እኛ ከልጅነት ድሏ አብልጠን እናደንቃለን። እርሷም ብትሆን የጀመረችው በጂምናስቲክ ነው። ወደ ዝላይ ስትዛወር ዋና እንኳ አትችልም ነበር ይባላል፤ ይህኛውን ግን ማንም እንዲከተል አንመክርም።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፣ ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ የውሃ ዝላይ ተወዳዳሪ አሰልፋ አታውቅም። ለጉዳያችን የሚቀርበው የዋና ታሪካችን ነው። በእ.ኤ.አ. 2012 ለንደን ላይ ሙሉዓለም ግርማና ያኔት ሥዩም በ50 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ተወዳድረዋል። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ግን በእ.ኤ.አ. 2016 በሪዮ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ የዋኘውን ሮቤል ኪሮስን ነው። የዚያ ውድድር አሸናፊ፣ የ18 ዓመቱ አውስትራሊያዊ ካይል ቻልመርስ የገባው በ47.58 ሰከንድ ነበር። አባቱ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት በመሆናቸው በሮቤል አመራረጥ ላይ የተነሣው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልስም ይሻል። በሰውነቱ ላይ የተሣቀው ሣቅ ግን ከንቱ ነበር። ከዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ «ይህች ሀገር የሰባት ዓመት ልጅ ዋና የሚማርበትን ውሃ የት አዘጋጅታለች?» ብሎ የጠየቀው ጥቂቱ ነው። የ17 ሰከንዱን ልዩነት በአንድ ሰው ላይ መጫን ቀላል ነው፤ የልዩነቱ አብዛኛው ክፍል ግን በልጅነት ዘመን ውስጥ ይገኛል።

ታዲያ ለአርብ ገበያ ተማሪ ምን እንበለው? በአንድ ነገር እንጽና፦ ጭንቅላትን አስቀድሞ ወደ ወንዝ መወርወር ይቁም። በ3 ሜትር ሰሌዳ ሥር ያለ ገንዳ ጥልቀቱ 4 ሜትር ገደማ እንዲሆን የሚደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ3 ሜትር ቋጥኝ የወደቀ ልጅ ውሃው ላይ የሚደርሰው በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ነው። ወገብ የሚደርስ ውሃ ይህን ፍጥነት አያቆመውም፤ የሚያቆመው የወንዙ ድንጋይ ነው፤ የሚሰበረውም አንገት ነው። አምና ጥልቅ የነበረው ስፍራ በክረምቱ ጎርፍ ደለል ሞልቶት ወይም ቋጥኝ ተንከባሎበት ሊሆን ይችላል፤ የደፈረሰ ውሃም ይህን አያሳይም። የጠራ ውሃ ደግሞ በተቃራኒው ያታልላል። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚሰበር፣ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ስፍራ ከላይ ሲያዩት 1 ሜትር ተኩል ብቻ ይመስላል። ዋና የማይችል ልጅ «እግሬ ይደርሳል» ብሎ የሚገባው እንዲህ ባለው ስፍራ ነው። በትምህርት ቤት የምንማረው የብርሃን ስብረት ከጥቁር ሰሌዳ ወርዶ ለዚህ ካልዋለ ለምን ይውላል?

ሊጀመር የሚችለውም ነገር ጥቂት አይደለም። የወጣት ዘላዮች ልምምድ ብዙው ክፍል በየብስ ላይ የሚካሄድ ነው፤ ቀጥ ብሎ መዝለል፣ እጅን ከዝላዩ ጋር ማስማማት፣ ጉልበትን አጥፎ በለስላሳ ማረፍ፣ ሚዛን መጠበቅ። መገለባበጡ ፍራሽና የሠለጠነ መምህር እስኪገኝ ይቆይ። የዋና ትምህርት ግን እንዲህ በቀላሉ ለመምህራኑ ብቻ የሚተው አይደለም። በባሕር ዳርና በደብረ ታቦር ያሉት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪዎቻቸውን በክረምት ዕረፍት ለማኅበረሰብ አገልግሎት ሲያሠማሩ፣ ዋና የሚችሉትን መርጠው፣ ጥልቀቱ በተለካና ሰው በሚጠብቀው ውሃ ልጆችን እንዲያስተምሩ ቢያደርጉ የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ የስፖርት በዓል ወጪ የሚበልጥ አይመስለንም።

እስከዚያው ድረስ ዝላይን መለካት ይቻላል። አንድ ተማሪ በጠንካራ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ሲዘል ጓደኛው በሞባይል ስልክ ይቅረጸው፤ እግሩ መሬት ከለቀቀበት ቅጽበት እስኪያርፍ ያለውን ጊዜ ከቪዲዮው ያውጡ። ጊዜውን በራሱ አባዝተው፣ በ9.8 አባዝተው፣ ለ8 ቢያካፍሉት የዝላዩን ከፍታ በሜትር ያገኛሉ። ግማሽ ሰከንድ በአየር ላይ የቆየ ተማሪ 31 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዘሏል ማለት ነው። በየወሩ እየለኩ በደብተር ቢመዘግቡት፣ ቁመታቸውንም በጎኑ ቢጽፉ፣ ከላይ ስለ ዕድገት ያልነውን በራሳቸው ሰውነት ሊፈትኑት ይችላሉ።